“ለልጅዎ ነው?” ስትለኝ አፍሬ 27,000 ብር አስረከብኩ

ይሄን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከሱቁ ከወጣሁ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላኝም። ለነገ ካሳደርኩት “ተወው፣ የራስህ ጥፋት ነው” ብዬ እንደምተወው አውቃለሁ። ስለዚህ አሁኑኑ።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ስሙን አልጠራም። ጠበቃ የማቆምበት ብር የለኝም፤ የነበረኝን እዚያው ጥዬው መጥቻለሁ። ቸርችል ጎዳና ዳር ካሉት ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። ደረጃው ላይ የሞባይል ከቨር የሚሸጡ ልጆች ተቀምጠዋል። መስታወቱ ላይ የሕፃን ጋሪ፣ የልደት ፊኛ፣ በሪሞት የሚሄድ መኪና። ሰውየው ደግሞ “የኔ ዕቃ ሁሉ ከዱባይ ነው” የሚለው ዓይነት ነው። ዋጋ ስትጠይቁት መጀመሪያ ጫማችሁን ያያል። ቀጥሎ “ለእርስዎ ብዬ ነው” ይላል። ከዚያ “በደረሰኝ ከሆነ እንግዲህ 15 ፐርሰንቱ አለ፣ ያለ ደረሰኝ ግን...” ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ይተወዋል። የቀረውን እናንተው እንድትጨርሱለት። አወቃችሁት አይደል?

እኔ የ41 ዓመት ሰው ነኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሌጎ እሠራለሁ። አዎ፣ ሌጎ፤ እየተገጣጠመ የሚሠራው የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ። የሳጥኑን ሥዕል እያዩ የሚገጣጠመውን ማለቴ አይደለም፤ ራሴ ነድፌ፣ ራሴ ቆጥሬ የማቆመውን ነው። ፈረንጆቹ “ሞክ” ይሉታል፣ የራሴ ፈጠራ እንደማለት። እነሱ ጋ ትልቅ ነገር ነው። ዴንማርክ ውስጥ ስኬርቤክ በምትባል ትንሽ ከተማ አፍቃሪዎች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ። የሠሩትን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ አጠገቡ ቆመው ለመጣው ሰው ያስረዳሉ። ያ ሁሉ ሽበታም ሰው፣ ማንም ሳይስቅበት።

እኛ እዚህ ስምንት ነን። አራት ኪሎ አካባቢ የኮሚክና የአኒሜ ልጆች በሚያዘጋጁት ዝግጅት ላይ፣ የአዳራሹ ጥግ ሁለት ጠረጴዛ ሰጥተውናል። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የኔ ድርሻ ለገሃር ነው፤ አሮጌው የባቡር ጣቢያ።

ለገሃርን ለምን እንደመረጥኩ ብጀምር አላበቃም። አባቴ ድሬዳዋ ሲመላለስ የነበረው ከዚያ ነው። ሕንጻው የተመረቀው በፈረንጆቹ 1929 ነው። የሌጎ ኩባንያ ደግሞ በ1932 ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ መንደር በአንድ አናጢ ተጀመረ። ጣቢያችን ከሌጎ በሦስት ዓመት ይበልጣል ማለት ነው። ይቺን ነገር በካርድ ጽፌ ሞዴሉ ፊት ላቆማት አስቤ ነበር። ከፊት ለፊት አንበሳው አለ፤ ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት፣ ከስንት ዓመት በኋላ የተመለሰው። እሱንም ከግራጫ ቁርጥራጮች ሠርቼ ጨርሻለሁ። ጎፈሩ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ልኬቱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በኋላ ነገሩ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሁሉ ነገር የሚያርፍበት የሌጎ ወለል ሰሌዳ 32 ጉብታ (ጡቡ የሚያያዝባት ትንሽ ክብ አናት) በ32 ጉብታ ሲሆን ጎኑ 25.6 ሳንቲ ሜትር ነው። አራቱን ጎን ለጎን አድርጌ የሕንጻው ፊት ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። የአንድ ጡብ ቁመት 9.6 ሚሊ ሜትር ነው። ሁሌም 9.6። በ1958 የተሠራው ጡብ ዛሬ ከተሠራው ጋር ይገጥማል። የዚህ መጫወቻ ምሥጢሩ በሙሉ ይሄው ነው። ቅስቶቹን፣ መስኮቶቹን፣ ኮርኒሱን አምስት ወር በካሬ ወረቀት ላይ የሣልኩት ይቺን ቁጥር አምኜ ነው።

የጎደለኝ የግድግዳው ክሬም ቀለም ነበር። እህቴ ከውጭ ስትመጣ በሻንጣዋ ሁለት ኪሎ አምጥታልኛለች፤ ከፊቱ ግማሽ ሳይደርስ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ በቁራጭና በቀለም መርጦ የሚታዘዝበት ገበያ አለ፤ እኔ ግን የውጭ ካርድ የለኝም። እዚህ ነው ሰውየው የመጣው። “ክሬም? ስንት ኪሎ ይፈልጋሉ?” አለኝ። በኪሎ! እንደ ሽንኩርት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን በደስታ ልሞት ደረስኩ።

ኪሎው 4,500 ብር፣ ስድስት ኪሎ። ለቀብድ 10,000 በቴሌብር ላክሁ። የተቀባዩ ስም የእሱ አይደለም፤ “የባለቤቴ ነው” አለኝ። እሺ አልኩ። ደረሰኙንም ተውኩት፤ 15 ፐርሰንት ብዙ ብር ነው። ይሄ ሁሉ በገዛ እጄ ነው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ደወለ። “ዕቃዎ ገብቷል።” በእግሬ ሄድኩ፤ ሄድኩም አይባል፣ ሮጥኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ማዳበሪያ አለ። አፉን ፈታልኝ። ከላይ አራት ቁራጭ አነሳሁ። እያንዳንዷ ጉብታ ላይ “ሌጎ” የሚለው በላቲን ፊደል ተቀርጿል፤ ጥቃቅን ነው፣ ወደ መብራት ስታዞሩት ይታያል። ሁለቱን ገጣጠምኩ። ጠቅ። በጥፍሬ አላቀቅኩ። ደግሜ፣ ጠቅ። ያ ድምፅ! ቀለሙም ልክ ለገሃር ነው። እጄን ወደ ማዳበሪያው ሆድ ልሰድ ስል ሰውየው ማዳበሪያውን ሳብ አደረገው።

“ፊትዎ ላይ ልመዝንልዎ” አለ። ሚዛኑ ግን ፊቴ ላይ አልነበረም። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ መጋረጃ የተጣለባት ክፍል ውስጥ ነው። “አንድ ደቂቃ ብቻ” ብሎ ይዞት ገባ።

አሁን ስሙኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ሰማሁ። ሻ... ብሎ የሚፈስ ድምፅ። ፕላስቲክ በፕላስቲክ ላይ ሲፈስ። ትንሽ ቆሞ፣ ደግሞ ሻ...። ይሄን ድምፅ እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ስድስት ኪሎ ለመመዘን ማዳበሪያውን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ምን ይገለብጣል? ታዲያ እኔ ምን ብዬ ለራሴ ነገርኩት መሰላችሁ? “ጎሎ ይሆናል፣ እየጨመረልኝ ነው። ጥሩ ሰው ነው።” ጥሩ ሰው ነው!

በዚያው ቅጽበት ሒሳብ ተቀባይዋ ልጅ ቀና አለች።

“ጋሼ፣ ለልጅዎ ነው?”

ልጅ የለኝም። “አይ፣ ለራሴ ነው” አልኳት። ምን ነካኝ፣ ለወንድሜ ልጅ ነው አልልም? እሷ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ጓደኛዋ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። “ለራሳቸው ነው አሉ” አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ ግን እንድሰማው። ሁለት ደንበኞችም ነበሩ። አንዱ የልጁን እጅ የያዘ አባት ነው፤ እኔን አየኝ፣ ማዳበሪያው የነበረበትን ባዶ ጠረጴዛ አየ፣ ፈገግ አለ።

ሰውየው ተመልሶ ወጣ። ማዳበሪያው በሌላ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ በሰፊ ቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ታስሯል። “በመንገድ እንዳይፈስብዎ” አለኝ። ክፈተውና ልይ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ፎቅ ላይ፣ ከረቫት አስሬ፣ ስቀው ያልጨረሱ ሰዎች ፊት፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ መጫወቻ አንድ በአንድ ላገላብጥ? አፈርኩ። የቀረውን 17,000 ላክሁ። ማዳበሪያውን አቅፌ ደረጃውን ወረድኩ። ከኋላዬ ሳቁ ሲፈነዳ ሰማሁት።

ቤት ገብቼ ራቴን ሳልበላ ቆረጥኩት። የላይኛው አንድ ጣት ያህል ትክክለኛ ነው። ከዚያ በታች ጉብታዎቹ መላጣ ናቸው። ምንም ጽሑፍ የለም። ቀለሙ ግማሹ ክሬም፣ ግማሹ እንደ ሻይ በወተት፣ ጥቂቱ አረንጓዴ የሚመስል። ሽታው አዲስ ነጠላ ጫማ። ሁለቱን ስገጥም ጠቅ የለም፤ ልቅ ነው፣ ሰሌዳውን ቀና ሳደርገው ይረግፋል። ሌላው ደግሞ ገብቶ አልወጣ ብሎ ጥፍሬን ሰበረው። ሃያውን ደርድሬ ለካሁ። ሃያ ጡብ የላይኛዋን ጉብታ ሳይጨምር 192 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። 195 መጣ። ሌላ ሃያ ደረደርኩ፤ 193። የ1958ቱ ከዛሬው ይገጥማል፣ የሰውየው ግን የግራ ግድግዳው ከቀኝ ግድግዳው አይገጥምም። ቅስቱ መሐል ላይ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ደግሞ ብገጥመውስ? የኛ ስምንታችን ሕግ አለን፣ ከውጭዎቹ የወሰድነው፦ ኮፒ ጡብ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም። ሕጉን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ትናንት “እርስዎ” ነበርኩ። ዛሬ ከበሩ ስገባ “ምን ነበር?” አለኝ። ማዳበሪያውን ሳስቀምጥ “አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?” ሆነ። ያቺ አንተ! ከ27,000ው ብር ይልቅ እሷ ነው የቆረቆረችኝ። የትናንቷን ጡብና ከሥር የወጣችውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት። አላያትም።

“ኦሪጅናል ብለኸኝ አልነበረም?”

“ኦሪጅናል ነው። ኦሪጅናል ቻይና።”

አልቀለደም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከላይ የነበሩትስ ስለው “እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቤትህ ወስደህ ምን እንደቀላቀልክበት” አለኝ። እኔን! ደረሰኝህን አምጣ አለኝ ደግሞ። ደረሰኝ እንደሌለኝ ከኔ በላይ እሱ ያውቃል። ሒሳብ ተቀባይዋ ስልኳን እየነካካች፣ ቀና ሳትል “ጋሼ፣ ለመጫወቻ እንዲህ ይኮናል?” አለች። ሰውየው ጨረሰላት፦ “ለልጅ ስጠው። ልጅ ምን ያውቃል።” ማዳበሪያዬን በእግሩ ወደ በሩ ገፋ አደረገው። በእግሩ።

ቸርችልን ቁልቁል እስከ ለገሃር ወረድኩ፣ ማዳበሪያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ። ጣቢያው ፊት ቆሜ መስኮቶቹን ቆጠርኩ። ለምን እንደቆጠርኩ አልገባኝም። አንድ የጥበቃ ሰው “ምን ይዘህ ነው?” አለኝ። ጡብ ነው አልኩት። አመነኝ።

እሺ፣ እንደኔ እንዳትታለሉ። ዕቃው ዓይናችሁ እያየ ካልተመዘነ አትክፈሉ። ከላይ ሳይሆን ከሥር አውጥታችሁ ጉብታውን እዩ፣ ጽሑፍ ከሌለው ሌጎ አይደለም። አንድ ባለ 8 ጉብታ ጡብ ወደ 2.3 ግራም ነው፣ በኪሎ ከ430 የማያንስ መሆን አለበት፤ ከፈለጋችሁ ቁጠሩ። ደረሰኝ ተቀበሉ፣ 15 ፐርሰንቱን ክፈሉት። የሚስቅ ሰው ካለ ይሳቅ። በቃ፣ ሌላ ምክር የለኝም፤ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው ብሆን ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር።

ዝግጅቱ ላይ ለገሃርን ግማሹን ይዤ እወጣለሁ። የግራውን ክንፍ፣ አንበሳውንና ካርዷን። የቀረው ቦታ ባዶ ሰሌዳ ይሆናል።

ማዳበሪያውን ግቢያችን ውስጥ ላለው ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት። ሰባት ዓመቱ ነው። በደስታ እያለቀሰ ሊስመኝ ደረሰ። ይሄን እየጻፍኩ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ማዳበሪያውን እየጎተተ መጥቷል።

“ጋሼ፣ ይሄ ሌጎ አይደለም እኮ። አይገጥምም።”