ሞተር ሳያወርዱ በአንድ የጎማ ቱቦ ለገላገሉኝ የደሴው የቮልስ መካኒክ ምስጋና

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝ ነው ይሄን ምጽፈው፣ እግረ መንገዴንም አሮጌ መኪና ያላችሁ እንድታውቋቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል ስለዚህ ዝም ብዬ ጋሼ ልበላቸው። ሚሰሩት ደሴ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው፣ በራቸው ላይ ሁሌም ቮልስ አይጠፋም።

የኔዋ ከአባቴ የተረፈችኝ 1300 ቮልስ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስወጣባት ዘይት ዘይት መሽተት ጀመረች፣ አይን እስኪያቃጥል፣ ደሴ ገብቼ ሳቆማት ደግሞ ከስር ጠብ ጠብ። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ (ስሙ ይቅር) ኮፈኑን ከፍተው አየት አደረጉና ሪንግ (ፒስተኑ ዙሪያ ያለው ጋዙን ሚይዘው ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድና ይታደስ አሉኝ። የጠሩልኝ ብር መኪናዋን ብሸጣትም ሚሸፈን አይመስለኝም፣ እያጋነንኩ ነው ግን ብዙም አይደለም። ከዛ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው ኧረ መጀመሪያ ጋሼ ይዩልህ ብሎ የጠቆመኝ።

ጋሼ ቁልፍ እንኳን አላነሱም። አስነሳት አሉኝ፣ ትንሽ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከሰራች በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱት ፉስስስ አለና ረጋ አለ። መዳፋቸውን አፉ ላይ ጣል አድርገው ቆዩ። "ሪንግ የጨረሰ ሞተር ቢሆን መግፋቱን አያቆምም ነበር፣ ይሄ ታፍኖ ነው" አሉ። እሱም አልበቃቸውም ካንዴላዎቹን ፈተው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለኩ፣ አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ነው፣ ጤነኛ። ከዛ ከዘይት መሙያው አንገት ተነስታ ወደ አየር ማጣሪያው ምትሄደውን የጎማ ቱቦ ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። የሆነ ሰው ተራ የውሃ ጎማ ቆርጦ ነው የገጠመባት፣ ዘይቱና ሙቀቱ አልፈስፍሷት መታጠፊያዋ ላይ ተጣብቃለች፣ ውስጧ ደግሞ እንደተመታ አብሽ ቢጫ አረፋ ሞልቶታል።

እኔ ያቺ ጎማ ምን እንደምትሰራ ጠይቄም አላውቅ ነበር፣ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አስረዱኝ። ነዳጁ ሲቃጠል ሪንጉ የቱንም ያህል ደህና ቢሆን ትንሽ ጋዝ በፒስተኑ ጎን አምልጦ ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት ይወርዳል። አዲስ ሞተርም ላይ ያለ ነገር ነው። ያ ጋዝ መውጫ ይፈልጋል፣ መውጫው ያቺ ጎማ ናት፣ በአየር ማጣሪያው በኩል ተስቦ ከቤንዚኑ ጋር ተመልሶ ይቃጠላል። ድሮ ድሮ የተሰሩ መኪኖች ላይ ቱቦው ወደ መሬት ክፍት ነበር፣ ጭሱ ዝም ብሎ አስፋልት ላይ ነው ሚለቀቀው፣ ወደ ሞተሩ ይመለስ የተባለው ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአየር ብክለት ምክንያት ነው። እና መውጫው ሲደፈን ጋዙ የት ይሂድ? ዘይቱን እየገፋ በጓርኒሲዮኑ (ክዳኖቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ)፣ በፓራዮሊው (ሚዞረው ዘንግ ላይ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ)፣ በየቀዳዳው ይወጣል። የኔዋ በቫልቭ ክዳኖቹ በኩል እየወጣ ትኩሱ ጭስ ማውጫ ላይ ነበር ሚንጠባጠበው፣ ቮልስ ደግሞ ማሞቂያዋ አየሩን ከሞተሩ ጋ ስለምታመጣ ሽታው ቀጥ ብሎ ጋቢና።

ሐረጎ ላይ ለምን ባሰባት ስላቸው ሳቁ። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ነው ደሴ 2500፣ በሁለተኛ ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ ስትወጣ ሞተሩ ጫና ላይ ስለሆነ ሚያመልጠውም ጋዝ ይበዛል። አረፋው ደግሞ የደሴ ብርድ ስራ ነው፣ ጋዙ ውስጥ እንፋሎት አለ፣ ጠዋት አስነስተህ ሰፈር ለሰፈር ሄደህ ሞተሩ ሳይግል ምታጠፋው ከሆነ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ከዘይቱ ጋር ይመታል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ጎማዋን ነቅሎ አንጠልጥሎ ይተዋታል አሉ፣ ያ ይብሳል፣ ሽታው ሞተር ቤቱን ይሞላዋል፣ ማጣሪያው ላይ ደግሞ ክፍት ቀዳዳ ይቀርና አቧራው ሳይጣራ ወደ ካርቡራቶር።

የሰሩት ስራ ይሄው ነው፦ ዘይት ሚችል ወፍራም ጎማ በልኩ ቆርጠው በፋሸታ አሰሩ፣ የብረቱን አንገት በቤንዚን አጠቡ፣ ሁለቱን የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ቀየሩ፣ 2.5 ሊትር ዘይት። ሂሳቡ ማደሻ ከተባልኩት ጋር አይወራም። በፍላይዊሉ (ሞተሩ ጫፍ ላይ ሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል ያለው ፓራዮሊም ትንሽ አርጥቧል፣ እሱን እንቀይር ስላቸው "አብሽር፣ ግፊቱ ከወረደ ሊይዝ ይችላል፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ነክቶት መንሸራተት ከጀመረ ያኔ ሞተር እናወርዳለን፣ ዛሬ ብርህን አላስወጣህም" አሉኝ። ከዛ ወዲህ ሐረጎን ወጥቼባታለሁ፣ ሽታ የለም፣ ፓራዮሊው ጋ ግን አሁንም ትንሽ እርጥበት አለ፣ እየተከታተልኩት ነው።

ጋሼ አላህ ጤናና እድሜ ይስጥልኝ። ምትሄዱ ካላችሁ ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ስልክ አያነሱም፣ አይቸኩሉም፣ ተራ ጠብቁ ካሉ መጠበቅ ነው፣ አርብ ደግሞ ከጁምአ በኋላ ነው ሚገኙት። የፈቱትን አሮጌ እቃ ሁሉ መልሰው ይሰጧችኋል። ቦታውን ምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ።

እና አንድ ነገር፣ ከዘይት መሙያው ስር ወደ ታች ምትወርደዋ ቱቦ ጫፍ ላይ ምትገባ ትንሽ የጎማ ቫልቭ አለች፣ ውሃ ምታፈስ፣ የኔዋ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች ጋሼም ጋ የለችም። ደሴም ኮምቦልቻም አዲስ አበባም ይሁን ያያችሁበት ስፔርፓርት ቤት ካለ ኮመንት ላይ ጣሉልኝ።