መሪዋ ቢለቀቅም መንገዷን የማትስት ጀልባ

ስቶክሆልም ውስጥ ጀልባ ልገዛ ነው ስትሉ ሁሉም ሰው ሻጭ ይሆናል። «ትልቅ ግዛ! ማቀዝቀዣ ያለው፣ ሙቅ ውሃ ያለው፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለው!» የባለቤቴ ወንድም ሰማቸውና 12 ሜትር የሚረዝም አዲስ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። እኔ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራች፣ ፎልክቦት የምትባል ትንሽ የእንጨት ባለ ሸራ ጀልባ ገዛሁ። ርዝመቷ 7.68 ሜትር ነው። ውስጧ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም።

በጋውን በሁለቱም ስንሄድ ከረምን። ስለ ሁለቱም ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔን እንድጽፍ ያስነሳኝ ግን አንድ ነገር ነው። ፎልክቦቷ መሪዋን እጅ ቢለቀውም ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ነሐሴ ላይ ስቶክሆልም አቅራቢያ ካሉት ደሴቶች ከሳንድሃምን ወደ ቫክስሆልም እየተመለስን ሳለ ነፋሱ ከጎን በረታ። በረደኝ። የመሪውን እንጨት በቀጭን ገመድ ሸብ አድርጌ፣ ልጄን «ፊት ፊቱን እያየሽ» ብያት ወደ ውስጥ ገባሁ። ጃኬቴን ለበስኩ። ከፔርሙዙ ቡና ቀዳሁ። ስወጣ የጀልባዋ አፍንጫ ትቼው የሄድኩት ነጭ ምልክት ላይ ነው። ሞገድ ሲገፋት ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ ወዲያው መንገዱን እንደሚያውቅ በቅሎ ተመልሳ ትይዛለች። ልጄ «አባዬ፣ ማን ነው የሚነዳት?» አለችኝ።

ምሥጢሩ ከውሃው በታች ነው። የዘመኑ ጀልባ ኪል፣ ማለት ከሆዱ ሥር ያለው ከባድ ክፍል፣ እንደ ክንፍ ጠባብ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ መሪው ራቅ ብሎ ለብቻው ነው። የፎልክቦት ኪል ግን ከሆዷ ጋር አንድ ሆኖ ረጅም ነው፤ መሪዋም የተያያዘው እዚያው ኪሉ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ቶን ገደማ ትመዝናለች፤ ግማሽ ያህሉ ከታች ያለው ብረት ነው። ስፋቷ 2.20 ሜትር ብቻ ነው። ነፋስ ሲያዘነብላት ትዘነብላለች፤ አቅጣጫዋን ግን አትቀይርም።

አሁን ወደ ትልቁ። ስፋቱ ከአራት ሜትር ያልፋል፤ ያንን ስፋት እስከ ኋላው ድረስ ይዞት ይሄዳል። ሻጩ የሚኩራራባቸው ሁለቱ የኋላ መኝታ ክፍሎች የተገኙት ከዚያ ነው። ግን ነፋስ ሲጥለው ያ ሰፊ ኋላ ከውሃው ብድግ ይላል፤ መሪውም አብሮ ይነሣል። ውሃ ያልያዘ መሪ ምን ሊሠራ ይችላል? አንድ ቀን ከሁለት ደሴቶች መሐል ስንወጣ ድንገት ነፋስ መታን። መሪውን በራሱ የሚይዘው መሣሪያ፣ አውቶፓይለቱ፣ ጮኸና ለቀቀ። ጀልባው በራሱ ወደ ነፋሱ ዞረ፤ ሸራው ይንገጫገጭ ጀመር። እማማ፣ የባለቤቴ እናት፣ ውስጥ ቆመው ወጥ ያሞቁ ነበር። ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ የሚይዙት ነገር አጡ። ድስቱን በሁለት እጃቸው እንዳቀፉ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን አልተቃጠሉም። እኔ ግን ያንን ቀን አልረሳውም።

«ሸራውን ቀደም ብላችሁ መቀነስ ነበረባችሁ» ይለኛል ሻጩ። ጌታዬ፣ ቀንሰን ነበር! እዚህ ደሴቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ነፋስ በየመሐላቸው እየጠበበ ሲወጣ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። ለቤተሰብ የሚሸጥ ጀልባ ለእንዲህ ያለ ቦታ መሆን አለበት።

ፎልክቦትን ያመጡት ሰዎች ይህን የተረዱ ይመስለኛል። የስካንዲኔቪያ የሸራ ጀልባ ነጂዎች ማኅበር ብዙ ሰው አቅሙ የሚችላት ጀልባ እንድትሠራ ውድድር አወጣ። አንድ አሸናፊ አልተመረጠም፤ ከቀረቡት ሐሳቦች መልካም መልካሙ ተለቅሞ ቶርድ ሱንዴን የመጨረሻውን ንድፍ ሣለ፤ የመጀመሪያዋም በፈረንጆቹ 1942 ውሃ ነካች። በ1960 ደግሞ ብሎንዲ ሃስለር የተባለ እንግሊዛዊ ሸራዋን ቀይሮ፣ ጄስተር ብሎ በሰየማት ፎልክቦት ብቻውን ከፕሊማውዝ ኒው ዮርክ ደረሰ። በመጀመሪያው የአትላንቲክ የብቸኞች ውድድር ሁለተኛ ወጣ፤ 48 ቀን ፈጅቶበት። ታዲያ እኔ ቫክስሆልም ለመድረስ ምን ያሰጋኛል?

ትልቁ ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ረጅም ጀልባ ስለሆነ ስምንት ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ሲሄድ የኔ ስድስት አትሞላም። ለማደርም እሱ ይመቻል። ግን ደሴት ላይ ስንደርስ የኔ 1.20 ሜትር ጥልቀት ይበቃታል። መልሕቅ ከኋላ ጥዬ አፍንጫዋን አለቱ ላይ አስጠጋለሁ፤ ልጄ ገመዱን ይዛ ዘላ ትወርዳለች። የባለቤቴ ወንድም ሁለት ሜትር ጥልቀት ፍለጋ ራቅ ብሎ ይቆማል።

እንጨት ሥራ አለው፣ አልክድም። ክረምቱን የብስ ላይ ከርማ ስለምትደርቅ በጸደይ ውሃ ስትነካ ታፈሳለች። ሳንቃዎቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው በመዳብ የተመቱ ናቸው፤ ውሃ ጠጥተው እስኪያብጡ ድረስ ፓምፕ አጠገቧ ያስፈልጋል። ሲያብጡ ግን ራሷ ትዘጋለች። የባልቲክ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይመቸውም። የስዊድን የጦር መርከብ ቫሳ በ1628 ሰጥማ በ1961 ስትወጣ ሳትበሰብስ የቆየችው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

እኔ ዛሬም ብገዛ እሷኑ ነው የምገዛው። ለመግዛት ያሰበ ካለ ቀለሟ አያማልላችሁ። ወለሉን አንሡና የጎን አጥንቶቿ የተሰነጠቁ እንደሆነ በእጃችሁ ዳብሱ፤ ብረቱ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉ፤ ለስላሳ ከሆነ ተዉት። የኪሉን ብሎኖች ሁለት ያህል ነቅሎ ሊያሳያችሁ ፈቃደኛ ላልሆነ ባለቤት ቀብድ አትስጡ።