ከጥምቀት በኋላ የእናታችንን ቤት ላደሱልን ግንበኛ ምስጋና

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ያላችሁ፣ ወይም እንደኛ አዲስ አበባ እየኖራችሁ የወላጆቻችሁ ቤት እዚያ የሆነ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የእናታችንን የድንጋይና የጭቃ ቤት ያደሱልንን ጋሼን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። እጃቸው ይባረክ! ስማቸውንና ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

ገናና ጥምቀት ሲያልፉ የደጋ ቤት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ለብርዱ ሲባል በርና መስኮት ተዘግቶ እሳት ሲነድ ይሰነብታል። ግድግዳው ጥላሸት ይጠጣል፣ የወጡ እንፋሎት ከነቅቤው ይለጠፍበታል፣ ምንጣፍ ሥር የተረሳ እርጥብ ቄጠማ ወለሉን ያሻግታል። እንግዳው ከተሸኘ በኋላ በልግ ሳይዘንብ ማደስ ግድ ነው።

ከዚህ በፊት የመጡትን ስማቸውን አልጠራም፤ ሥራቸውን ግን እናገራለሁ። አንዱ «በሲሚንቶ ልለስነውና ለሁልጊዜ ተገላገሉ» ብሎ የጭቃውን ግድግዳ ሲሚንቶ ጋገረበት። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ንቅንቅ አይልም። ክረምቱ ሲወጣ እንደ ቂጣ እየተላቀቀ ወረደ። እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከሥር ያለው ጭቃም በስብሶ ተገኘ። እሱን ሊያስተካክል የመጣው ደግሞ ከግቢው መረሬ፣ ያን ጥቁር አፈር፣ ቆፍሮ መረገበት! መረሬ በበጋ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ እዚያው ሜዳው ላይ እየታየ! ጥላሸቱንም ሳያጥብ ቀለም ቀብቶበት፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ የጥላሸቱ ቢጫ እድፍ በቀለሙ ላይ ነጥብ ነጥብ እያለ ወጣ። ገንዘቡስ ይሁን፤ እናታችን በዚያ አቧራ ውስጥ መክረሟ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጋሼ ሲመጡ ሜትር እንኳ አላወጡም። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ዞሩ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠውን ቦታ ሁሉ በከሰል አከበቡት። «ይሄ እስከ ድንጋዩ ይፈንቀል» አሉ፤ በላላ ምርጊት ላይ አዲስ ከተለጠፈ ሁለቱም አብረው ይወርዳሉና። ግድግዳውን ከመንካታቸው በፊት ግን ጣራውን ጨረሱ። ቀን ፀሐዩ ቆርቆሮውን ይለጥጠዋል፣ ሌሊት ውርጩ ይሰበስበዋል፣ በዚህ መሃል ምስማሩ ይላላል። የላላውን መልሰው አልመቱትም፤ ነቅለው ረዘም ባለ፣ አዲስ ጎማ ባለው ምስማር ተኩት። ሁሉንም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው የመቱት፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አንድም የለም።

ሙያቸው የታየው አፈሩ ላይ ነው። ቀይ አፈር አስመጥተው በወንፊት ነፉትና ከወጥ ቤቱ ጀርባ ትንንሽ ሙከራ ለጠፉ። ለ1 ባልዲ አፈር 1፣ 2 እና 3 ባልዲ አሸዋ ነበር። 1 የገባበት ተሰነጠቀ፣ 3 የገባበት በእጅ ሲዳሰስ ረገፈ፣ ባለ 2ቱ ጸና። አፈር እንደየቦታው ስለሚለያይ ይህን ልክ ለቤታችሁ አትቅዱት፤ ሙከራውን ግን አስደርጉ። ከዚያ የጤፍ ጭድ ጨምረው አስረገጡት፤ ውሃ እያርከፈከፉ፣ እየሸፈኑ ሳምንት አቦኩት። ግድግዳው ውሃ ጠጥቶ ምርጊቱ 2 ሳንቲሜትር ያህል ተመረገ፤ እሱ ጨርሶ ሲደርቅ በደቀቀ ጭድ የተሠራው ልስን በግማሽ ሳንቲሜትር ተከተለ። ደረቅ ግድግዳ የጭቃውን ውሃ ወዲያው ስለሚመጠው፣ ሳያረጥቡ መምረግ ማለት ጭቃን በከንቱ መጣል ነው።

የውጩን ግድግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አይነኩም። እርጥብ ጭቃ ሌሊት ውርጭ ካገኘው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ፊቱ ይቀረፋል። ስለዚህ የቀኑን ሥራ በሸራ ሸፍነው ነው የሚሄዱት። አንድ ምሽት ነፋሱ ሲበረታ ማንም ሳይጠራቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተመልሰው መጡ። የተገለጠውን ሸራ አስረው ጫፉን በድንጋይ ጫኑት። እናታችን ልታግዛቸው ስትወጣ «እማማ፣ ብርድ ነው ይግቡ፤ እኔ አለሁ» ብለው መለሷት። እሷም ለመጣ ሰው ሁሉ የምታወራው ስለ ግድግዳው ሳይሆን ስለዚያች ምሽት ነው። እኛስ ርቀን ያለን ልጆቿ ይህን በምን እንከፍላለን? እግዚአብሔር ይስጥልን ጋሼ!

ውስጡን ጥላሸቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አሳጥበው ካደረቁ በኋላ በኖራ ቀቡት። ኖራው በዋዜማው ተነክሮ፣ ጥቂት ጨው ገብቶበት፣ ቀጠን ብሎ 3 ጊዜ ተቀባ፤ በአንዴ ወፍራም ከተቀባ ሲደርቅ ይላጣል። ዓይን ስለሚያቃጥል ሲበጠበጥ ልጆችን አርቁ። ሥራቸው ባይሆንም የጭስ ሽታ የያዙት የሱፍ ባናዎች በፈላ ውሃ ሊታጠቡ ሲሉ አስቆሙን። ሱፍ በሙቅ ውሃ ይኮማተራል፤ በቀዝቃዛ ታጥቦ፣ ሳይሰቀል ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

የተረፈውን አፈርና አሸዋ በልኩ ቀላቅለው በማዳበሪያ ከረጢት ትተውልናል፤ ስንጥቅ ብትወጣ ጭድና ውሃ ጨምሮ መድፈን ነው። ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ፣ መሃል ላይ አይጨምሩም። እባካችሁ ሌላ ሰው ከመሞከራችሁ በፊት እሳቸውን ጥሩ። ጭዱንና ቀይ አፈሩን አስቀድማችሁ አስቀምጡላቸው፤ በልጉ ከገባ የውጩን ሥራ አይጀምሩላችሁም።