ለትንሿ ውሻችን ማረፊያ ላበጁልን ባለሙያ ምስጋና

ክብደቷ 4 ኪሎ ግራም የማይሞላው ውሻችን ሚሚ፣ መርጠን የገዛንላትን ለስላሳ መኝታ ትታ ለሳምንታት ሶፋ ሥር ስታድር ቆይታለች። እኛም አመሏ ነው ብለን ትተናት ነበር። ነገሩ ሌላ መሆኑን ያሳዩን ሚሚን ለመከተብ ቤታችን ድረስ የመጡ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ እርሳቸውን በአደባባይ ላመሰግንና ትንሽ ውሻ ለምታሳድጉ ሁሉ ልጠቁማቸው እወዳለሁ።

ባለሙያዋ ሥራቸውን ጨርሰው ሊወጡ ሲሉ የሚሚ መኝታ ባዶውን በሩ አጠገብ ተቀምጦ አዩና ተመለሱ። ወለሉ ላይ ተንበርክከው መዳፋቸውን ከበሩ ሥር ዘረጉ፤ እኔም እንዲሁ እንዳደርግ ጋበዙኝ። ቆመን ስንሄድ ፈጽሞ የማይሰማን ነፋስ እዚያ ታች ሽው ይላል። ትንንሽ ውሾች ከክብደታቸው አንጻር ለአየር የተጋለጠው ገላቸው ሰፊ በመሆኑ ሙቀታቸውን ከትልልቆቹ ፈጥነው እንደሚያጡ፣ ሚሚም ሶፋው ሥር የምትገባው ብርዱንና የእግር ኮቴውን ሸሽታ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ።

መኝታውም ለእርሷ እጅግ ሰፊ ነበር። ተዘርግታ በተኛችበት ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር በክር ለክተው፣ በልኩ ላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብንጨምር እንደሚበቃት ነገሩን። ዙሪያው አገጯን የምታሳርፍበት ያህል ከፍ ያለ፣ መግቢያው ግን ሳትዘል የምትገባበት እንዲሆን መከሩን። የቁንጫ እንቁላል መኝታ ላይ ስለሚራገፍና እጩም እዚያው ስለሚፈለፈል ውሻዋን ብቻ ማከም እንደማይበቃ፣ ስለዚህም ልባሱ በዚፕ የሚወልቅና በሙቅ ውኃ የሚታጠብ መሆን እንዳለበት የተረዳሁትም ያን ዕለት ነው። ነገር የሚያኝክ ቡችላ ያላችሁ ደግሞ በመኝታው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ቡችላው በቀላሉ እንደማያገኘው አረጋግጡ፤ የተዋጠ ስፖንጅ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን በስልካቸው መብራት ሶፋው ሥር ሲያበሩ ያየሁት ነው፦ ላስቲኩ ተልጦ መዳቡ የወጣ የቻርጀር ገመድ፣ የሚሚ የጥርስ ምልክት ያለበት። መሸሸጊያዋ ያደረገችው ስፍራ ሊገድላት ይችል ነበር። ወዲያውኑ ገመዱን ነቅለን የሶፋውን ሥር ዘጋን፤ መኝታዋንም ሁለት ግድግዳ ወደሚገናኝበት፣ መተላለፊያ ወዳልሆነ፣ እኛን ግን ወደምታይበት ጥግ አዛወርን። ልጆቼም ሚሚ እዚያ ሳለች እንዳይነኳት ተስማሙ። ከሶፋ መዝለል የትንንሽ ውሾችን ጉልበት፣ በተለይም የጉልበቱ ሎሚ (ከፊት ያለችው ትንሿ አጥንት) የመንሸራተት ዝንባሌ ያለበትን፣ ስለሚጎዳ ዝቅተኛ መወጣጫም ሠራንላት።

በሦስተኛው ሌሊት ማንም ሳይጠራት ገብታ ተኛች፤ ጠዋት ሳያት ሆዷን ወደ ላይ አድርጋ ነበር። እንዲህ ተኝታ አይቻት አላውቅም።

ባለሙያዋ ለዚህ ሁሉ ምክር ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም፤ ከሳምንት በኋላም ደውለው ስለ ሚሚ ጠይቀዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለጉ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እርሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ከመምጣታቸው በፊት ውሻችሁ በራሱ ፈቃድ የሚተኛበትን ቦታ ለጥቂት ቀናት አስተውላችሁ ቆዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።