ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይል የነበረውን ዋሽንቴን እንጨት እንጨት ያሰኙልኝ ጋሼ

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ስትወጡ፣ አንዲት ጠባብ ቅያስ ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግኑ አንድ ጋሼ አሉ። ታፔላ የላቸውም። በፊት ዶሮ ማነቂያ ነበሩ፣ ሰፈሩ በ2016 ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት። ክራርም ማሲንቆም ጊታርም ይሠራሉ። እኔ የሄድኩት ግን ሎው ዊስል ይዤ ነው።

ሎው ዊስል ለማታውቁት፣ የአየርላንድ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች የሚነፉት ረጅም ዋሽንት ነው። ስድስት ቀዳዳ አለው። ራሱ ላይ እንደ ፊሽካ መንፊያ ስላለው እንደ እኛ ዋሽንት በከንፈር ድምፁን መፈለግ የለም። የዛሬውን የብረት ሎው ዊስል የጀመረው በርናርድ ኦቨርተን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የአየርላንዱ ሙዚቀኛ ፊንባር ፉሬይ የቀርከሃ ዋሽንቱ ተሰብሮበት ወደ እሱ ይሄዳል፣ እሱም መጠገኑ አልሆን ሲለው በአሉሚኒየም ቱቦ ሌላ ሠራለት። ይሄን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው፤ ብረቱ ከመጀመሪያውም የመጣው ቀርከሃውን ሊተካ ነው።

የኔን የእህቴ ባል ነው ከደብሊን ያመጣልኝ። ሎው ዲ የሚባለው ነው፣ ማለትም የመጨረሻው ዝቅተኛ ድምፁ ዲ የምትባለው ኖታ ናት፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ቱቦው አሉሚኒየም፣ ራሱ ጥቁር ፕላስቲክ። ቀዳዳዎቹ ስለሚራራቁ በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሆድ ነው የሚደፈኑት፣ እሱን በሁለት ሳምንት ለመድኩት። የሜጀር ትዝታ ቅኝት ከዲ ተነስታችሁ ያለ ምንም ችግር ይወጣል፣ የአንቺሆዬ ቅኝት ግን ግማሽ ቀዳዳ መድፈን ይፈልጋል። ያልለመድኩት ድምፁን ነው። ከሸምበቆ ዋሽንት ጋር ላደገ ጆሮ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ታች ሲሆን ይሳሳል፣ ላይ ሲወጣ ጆሮ ይበሳል። ትዝታ ጀምሬ ሳልጨርስ አስቀምጠው ነበር።

መጀመሪያ አንድ መሣሪያ መሸጫ ወሰድኩት። ልጁ አየት አደረገና «ብረት ያው ብረት ነው» ብሎ ሞረድ አነሳ። የመንፊያውን ስለት፣ ማለትም ትንፋሹ የሚሰነጠቅበትን ጠርዝ፣ ሊሞርድልኝ ነው። ተቀብዬው ወጣሁ። እዚያ ጋ አንዴ ከተሞረደ መመለሻ የለውም።

ጋሼ ግን ሞረድ ሳይነኩ መጀመሪያ አስነፉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ቆመው አሥር ደቂቃ ያህል ሰሙ። ከዚያ ተቀበሉኝና የዋሽንቱን ራስ ኮታቸው ውስጥ፣ ብብታቸው ሥር ከተቱት። ነሐሴ ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። «ልጄ፣ በቀዝቃዛው ነው የምትነፊው፣ ትንፋሽሽ ውስጡ ውሃ እየሆነ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መንፊያው ሲቀዘቅዝ ትንፋሽ በጠባቧ የአየር መንገድ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ሹክሹክታ ይበዛበታል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ አቅጥነው አንድ ጠብታ አሳለፉባትና እንዲደርቅ ተዉት። ሳሙናው ውሃው እንዳይቋጥር ያደርጋል።

ቀጥሎ በስልካቸው መብራት ቀዳዳዎቹን አዩ። ጠርዛቸው እንደ ተቆረጠ ላሜራ ስለታም ነው፣ አንዱ ጋ የብረት ፍርፋሪ ሁሉ ቀርቶበታል። ልስላሴ ያለው የብርጭቆ ወረቀት በቀጭን እንጨት ጠቅልለው አንዱን ቀዳዳ ሁለት ሦስቴ ያዞሩና ይነፉታል። ከዚያ ሌላውን። አይቸኩሉም፣ እንዳይበዛ ይፈራሉ።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሰሙ ነው። ፕላስቲኩ ራስ ውስጥ፣ ከአየር መንገዷ ወለል በታች፣ ባዶ ጉድጓድ አለ። ጋሼ ከመሳቢያቸው ጧፍ አወጡ፣ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አላሙት፣ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። በክብሪት እንጨት እየገፉ ጉድጓዱን ከወለሉ ጋር እኩል ሞሉት፣ ስለቱን ሳያስነኩ። ነፋሁት። ያ ጆሮ የሚበሳው የላይኛው ድምፅ ሰከነ! ደግሞ ካልወደድሽው ተጭሮ ይወጣል አሉኝ፣ ይሄ ነው ከሞረዱ የሚለየው።

እንጨት ቢሆን አይሻልም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «የሚጮኸው አየሩ ነው፣ ቱቦው ቤቱ ነው» አሉ። ቤት ገብቼ ሳነብ ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ በ1971 እኤአ ያሳተመውን ሙከራ አገኘሁ። የውስጥ ቅርፃቸው አንድ የሆነ የብር፣ የመዳብና የእንጨት ፍሉቶች አስነፍቶ ሰሚዎቹ መለየት አልቻሉም። የኛ ዋሽንት የሚለየው፣ እንደሚመስለኝ፣ ግድግዳው ወፈር ስለሚል፣ የቀዳዳው ጠርዝ በጣት እየለሰለሰ ስለሚሄድና ውስጡ ሸካራ ስለሆነ ነው። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሱት ይሄንኑ የቀዳዳ ጠርዝ ነው።

ሲሸኙኝ ደግሞ «አትንፊው፣ ተንፍሺበት» አሉኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት የሙዚቃ ትምህርት አንደኛው ነው። የታችኛውን ዲ በጉልበት ስትገፉት ወዲያው ወደ ላይኛው ይዘላል፣ በሞቀ ቀስተኛ ትንፋሽ ግን ወፍሮ ይቀመጣል። ድምፁን በምላስ መቁረጥ ትቼ በጣት መለየት ጀመርኩ፣ ያኔ ጭራሽ ለሰለሰ። ባለፈው እሑድ በረንዳ ላይ ስጫወት ጎረቤታችን እትዬ «ወደ ሸምበቆው ተመለስሽ እንዴ?» ብለውኛል።

ቅሬታም አለኝ። ሥራውን ሳይጀምሩ ነገ ብለውኝ ዘጠኝ ቀን አስጠብቀውኛል፣ ስልክ አያነሱም። ድምፁም ትንሽ ቀንሷል፣ ከከበሮ ጋር ስንጫወት ይዋጣል፣ ባንድ ውስጥ የምትነፉ ሰሙን ቀነስ አስደርጉ። በኃይል ሲነፋ ደግሞ ብረትነቱ አሁንም ብቅ ይላል።

የከፈልኩት 500 ብር ነው። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጠዋት ክራር ስለሚቃኙ ሰው አያናግሩም። ጧፍ ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይላቸዋል፣ የሳቸው አልቋል።