ሎወር አርም ከሌላ ሞዴል ወይስ የካምበር ብሎን? ፒስታ ላይ ለሚነዳ ሰው

ቤታችሁ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ለገጣፎ ዳር ከሆነ ችግሩን ታውቁታላችሁ። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮብልስቶን ይመጣል፣ ከዚያ ፒስታ። ቪትዝ ያለው ሰው ሆዷ እንዳይመታ ብሎ የፊት አሞርዛተሩ ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) ያስገባና ከፍ ያደርጋታል። ከፍ ስትል ግን ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ የውጪው ጠርዝ መበላት ይጀምራል። አላይመንት ቤት (የጎማ አቀማመጥ የሚስተካከልበት) ስትሄዱ ደግሞ "ካምበሩ አይነካም፣ ቶው ብቻ ነው የምንሰራው" ትባላላችሁ። ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማጋደሉ ነው፤ ቶው ደግሞ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። አልዋሹም። ቪትዝ ላይ በተለመደው አሰራር የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው።

ከዚያ ምክሩ ይጀምራል። አንዱ "የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂድና ረዘም ያለ ሎወር አርም (ጎማውን ከታች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው ክንድ) ከሌላ ሞዴል አምጣ" ይላል፣ ሌላው "የካምበር ብሎን ግጠም" ይላል። ሁለቱም ይሰራሉ። እኩል ግን አይደሉም።

የተዋሰ አርም የሚሰራው እንዲህ ነው። አርሙ ሲረዝም የጎማው ታችኛው ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፣ ስለዚህ ላይኛው ወደ ውስጥ ይገባል። ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው መያዣ ጋር የሚያገናኘው ኳስ መገጣጠሚያ) ወደ ፊት ቀደም ያለ አርም ከሆነ ደግሞ ካስተሩ (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ማጋደሉ) ይጨምራል፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ይመለሳል፣ በፍጥነት ስትነዱም ይረጋጋል፣ ግን ይከብዳል። ይህን ካስተር የካምበር ብሎን አይሰጣችሁም። የአርም ቅያሪ እውነተኛ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው።

ጣጣው ግን ብዙ ነው። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ቶው ወዲያው ይዛባል፣ የቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ) ጥርስ ያንን ርዝመት መሸፈኑ መታየት አለበት፣ በሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ቴስቲና ይዞ መንዳት ሕይወት ያስከፍላል። ሲቪ ጆይንቱም (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መገጣጠሚያ) ይሳባል፤ በስፔሰር ከፍ ባለች መኪና ላይ ማዕዘኑ ቀድሞውንም ስለተበላሸ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። የቦል ጆይንቱ ሾጣጣ አንገት ቀዳዳው ውስጥ በትክክል ካልተቀመጠ "ገባ" ብላችሁ እንዳትቀበሉ። የግራና የቀኙ አርም ከአንድ መኪና የወጣ ይሁን፣ ምክንያቱም የሁለቱ ጎን ካስተር ከተለያየ መኪናው ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ይጎትታል።

ሌላም አለ። "የያሪስ አርም ነው፣ ካምበርህን ያስተካክልልሃል" የሚል ሻጭ አይጠፋም። ያሪስ እኮ ቪትዝ ወደ ውጭ ሲሸጥ የተሰጠው ስም ነው! በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝና የዘመኗ ያሪስ በመሠረቱ አንድ መኪና ናቸው። በ2005 የመጣው ሁለተኛው ትውልድ ግን ሌላ ነው። ስሙን ትታችሁ አሮጌውንና የሚሸጠውን ጎን ለጎን አስተኙና ከጎሚኒው (አርሙ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰርበት ላስቲክ) መሃል እስከ ቦል ጆይንቱ መሃል በሜትር ለኩ። ልዩነት ከሌለው ለአላይመንት ምንም አይጨምርላችሁም። ቆርጠው በይደው ያስረዘሙትን አርም ደግሞ በነጻም ቢሰጧችሁ እንዳትገጥሙ። ፒስታ ላይ ብየዳው ከለቀቀ ጎማው ይታጠፋል።

የካምበር ብሎን ቀላል ነገር ነው። አሞርዛተሩን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን ታወጡና ቀጠን ያለ፣ መሃሉ ላይ ጎበጥ ያለ ብሎን ታስገባላችሁ። ስታዞሩት ጎማው ያጋድላል። ብዙውን ጊዜ 1.5 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል፣ ለስፔሰር መኪና ከበቂ በላይ ነው። አርሙ፣ ሲቪ ጆይንቱ፣ የጎማው ስፋት ሁሉም ባለበት ይቆያል። ድክመቱ መንሸራተት ነው፤ በደንብ ካልጠበቀ ኮብልስቶኑ ቀስ በቀስ ያላላዋል። ስለዚህ ከተወሰነ መንገድ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቁ፣ ካምበሩም ይለካ።

እኔ ለቪትዝና ለፊት ተነጂ ኮሮላ ያለማመንታት ብሎኑን እመርጣለሁ፣ በተለይ መኪናው የቤተሰብ ከሆነ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለንን መጠበቅ ግዴታ ሆኗል፣ በሙከራ ማበላሸት አያዋጣም።

ግን ከሁለቱም በፊት ክሪክ አንሡና ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ አልቋል ማለት ነው። ኩሽኔታው ከሆነ እሱን ቀይሩ፤ ቦል ጆይንቱ ከሆነ የራሱን ሞዴል አዲስ አርም ከነጎሚኒው ግዙ፣ ካምበሩም በዚያው ሊመለስ ይችላል። የጎማውን ጥርስ በእጃችሁ ስትዳብሱት እንደ መጋዝ ካሻከረ ደግሞ ጥፋቱ የቶው ነው፤ ምንም ዕቃ አትግዙ።

ላዳ ያላችሁ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። የታችኛው አርም ከሚታሰርበት ቦታ ቀጫጭን ብረቶች አሉ፣ እነሱን በመጨመርና በመቀነስ ካምበሩም ካስተሩም ይሰራል። በሁለቱም ብሎኖች ላይ እኩል ሲጨመር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው ሲዛወር ካስተሩ ይቀየራል። ይህን የሚያውቅ የቆየ የላዳ መካኒክ ፈልጉ።

የትኛውንም ብትመርጡ ቶው በመጨረሻ ይሰራ፣ ካምበር ከተነካ በኋላ። መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙራችሁ ጎማው የፍሬን ቱቦውንም ሆነ አሞርዛተሩን አለመንካቱን እዚያው ጋራዡ ውስጥ አረጋግጡ፣ የልኬቱንም ወረቀት ሳትቀበሉ ሂሳብ አትክፈሉ።