ኤዲሰን ወይስ ቴስላ? ደንበጫ ላይ ሲታይ

ደንበጫ ያለው የእናቴ ቤት ሶላር አለው። ዲሲ ነው፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሪክ፤ የፈጠራ ሰው የኤዲሰን ወገን። ሁለት አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ መስመሩ ቢጠፋም ደንታ የለውም። ለማታ እኔም እሱን እመርጣለሁ።

ጤፍ ማስፈጨት ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ በኤሲ ማለትም አቅጣጫውን እየቀያየረ በሚሄድ ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ የፈጠራ ሰው የኒኮላ ቴስላ ልጅ በሉት። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 ፓተንት ያገኘበት ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው ክፍል ከሽቦ ጋር አይገናኝም፤ ዙሪያውን የሚዞር መግነጢሳዊ ኃይል ይጎትተዋል። የሚያልቅ ካርቦን የለ፣ ብልጭታ የለ። ዱቄት በሚቦንበት ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም!

ርቀትም አለ። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ላይ የዘረጋው ዲሲ ከጥቂት ሰፈር አያልፍም ነበር። ኤሲ ግን በትራንስፎርመር ቮልቴጁ ከፍ ይልና ከጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ተነስቶ ተራራ ይሻገራል።